ስለ ሴበር ጄት አምሳያና ስለ ብርማ ገላው

ልጅነቴን ባሳለፍሁባት በደብረ ዘይት፣ ከሐረር ሜዳ እየተነሡ በሐይቆቹ ላይ ሲያንዣብቡ አይቻቸው እስከ ዛሬ ከዓይኔ ያልጠፉት የንጉሠ ነገሥቱ አየር ኃይል ኤፍ-86 ሴበር ጄቶች፣ ገላቸው ቀለም ያልተቀባ፣ ብረታቸውም እንደ ተወለወለ ጻሕል የሚያበራ ነበርና፣ ፀሐይ ባረፈባቸው ጊዜ ትኵር ብሎ ሊመለከታቸው የሚችል ሰው አልነበረም፤ ድምፃቸውም ከኋላቸው ዘግይቶ ይከተል ስለ ነበር፣ እኛ ሕፃናቱ ጩኸቱን ሰምተን ወደ ሰማይ ስናንጋጥጥ ብርሃኑ አስቀድሞን አልፎ ነበር። ዛሬ ጠጕሬ ሸብቶ፣ ዓይኔም ያለ መነጽር የማይረዳኝ ሆኖ፣ የእኅቴ ልጅ ከአሜሪካ በመጣ ቍጥር በሻንጣው የሚያመጣልኝን የፕላስቲክ ሞዴል በመስኮት አጠገብ ተቀምጬ ስገጣጥም፣ የምፈልገው ያንን ብርሃን ነው።

የምሠራው አምሳያ እውነተኛው በ48 እጅ ያነሰበት ነው፤ ይኸውም 11 ሜትር ተኩል ገደማ የነበረው አውሮፕላን ከስንዝር ጥቂት የሚበልጥ፣ 24 ሴንቲሜትር ያህል ሆኖ በመዳፍ ላይ ያርፋል ማለት ነው። ሰው ይህን ሲሰማ ሥራው ቀሎ ይታየዋል፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ በመጋጠሚያው ላይ የሚሊሜትር አንድ ዐሥረኛ የምታህል፣ በጥፍር እንጂ በዓይን የማትታወቅ ክፍተት ብትቀር፣ በእውነተኛው ጄት ላይ ወደ አምስት ሚሊሜትር የሚጠጋ ስንጥቅ ትሆናለችና፣ እንዲህ በተሰነጠቀ አውሮፕላን ለመብረር የሚፈቅድ አብራሪ አይገኝም።

ወደ ኋላ 35 ዲግሪ ያዘመመው ክንፉ፣ አሜሪካኖች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ በኋላ የጀርመኖችን ምርምር አግኝተው፣ ቀጥ ያለ ክንፍ ይዞ የተጀመረውን ንድፍ እስከ መለወጥ ያደረሳቸው፣ በ1947 እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን መጀመሪያ በበረረው አውሮፕላን ላይ የታየ ነው። ክንፉ በሞዴሉ ላይ ብዙ አያስቸግርም፤ ገላው ዘንድ ሲደርስ ደኅና ይገጥማል። አፍንጫው ግን ጥበብ ይጠይቃል፤ በአፍንጫው ጎማ የሚቆም የጄት ሞዴል ከፊቱ ክብደት ካልተጨመረለት ብዙውን ጊዜ በጭራው ይቀመጣል፣ አፍንጫው ድፍን የሆነውን ጄት እርሳስ ይሞሉታል፣ የሴበር አፍንጫ ግን አየር የሚስብበት ክፍት አፍ ነውና፣ እርሳሱን ቀጥቅጦ ከአየር መሳቢያው ቧንቧ በላይ፣ ከአብራሪው ወለል በታች ባለችው ጠባብ ስፍራ መሰወር ያስፈልጋል። ይህንም ሁለቱ የገላው ግማሾች ሳይጋጠሙ አስቀድሞ ማድረግ ይገባል።

ከግጥሚያው በኋላ የሚመጣው ሥራ ነው እንግዲህ፣ ብራና ሲፋቅ ለተመለከተ ሰው አዲስ የማይሆንበት። የፕላስቲክ ማጣበቂያ እንደ ተራ ሙጫ በመካከል ገብቶ የሚያስር አይደለም፤ የሁለቱን ግማሾች ከንፈር አቅልጦ እርስ በርሳቸው የሚያዋሕድ ነው እንጂ፤ ስለዚህም ሲጫኑት ከመጋጠሚያው እንደ ላብ ወጥቶ የሚደርቀውን ትርፍ፣ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ታግሦ፣ በመጀመሪያ ሻካራውን፣ ቀጥሎም እየለሰለሰ የሚሄደውን የብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያራሱ መፋቅ፣ የጎደለውን በስቱኮ መሙላት፣ እንደ ገናም መፋቅ ነው። ብራና ፋቂው ቍርበቱን በዘንግ ወጥሮ፣ ጠጕሩን ገፍፎ፣ በድንጋይ አሽቶ፣ ቀለሙ የማይፈስስበትና የማይሻክርበት እስኪሆን ድረስ የሚደክመው፣ በኋላ ከሚመጣው ጸሓፊ ፊት እንዳያፍር ነው፤ እኔ ፋቂውም ጸሓፊውም ራሴ ነኝና የማፍረው ከራሴ ፊት ነው።

አረንጓዴ ወይም ቡናማ የሚቀባ አውሮፕላን ብዙ ኀጢአት ይሸፍናል፤ የብር ቀለም ግን መርማሪ ነው። በውስጡ ያሉት ደቃቅ የብረት ቅንጣቶች ገላው ለስላሳ ሲሆን ዝርግ ብለው ይተኛሉ፣ ብርሃኑንም ወደ አንድ ወገን ይመልሳሉ፤ ሻካራ በሆነበት ስፍራ ግን እያንዳንዱ በየፊቱ ዞሮ ብርሃኑን ይበትነዋል፣ ብረት መምሰሉ ቀርቶም አመድ ይመስላል። ስለዚህ ከብሩ በፊት የሚያንጸባርቅ ጥቁር ቀለም ስስ አድርጌ እረጫለሁ፣ ከደረቀም በኋላ ወደ መስኮቱ አዙሬ በጎን በሚገባው ብርሃን እመረምረዋለሁ።

ይህን ያስተማረኝ የመጀመሪያው ሴበሬ ነው። ሦስት ሳምንት ደክሜበት፣ በጣቴ ዳስሼ አንዳች ነገር ስላጣሁበት ጥቁሩን ሳልቀባ ብሩን ረጨሁት፤ በማግሥቱ ጧት ስመለከተው ከአብራሪው መስታወት ጀምሮ እስከ ጭራው ሥር አንዲት ቀጭን መሥመር፣ እንደ ጠባሳ፣ ጀርባውን ለሁለት ከፍላው አገኘሁ። ያን ጊዜ ያዘንሁትን ኀዘን ለማንም አልተናገርሁም። ቀለሙን በውሃና በብርጭቆ ወረቀት እስከ ፕላስቲኩ ፍቄ፣ ከእርሱ ጋር የጠፉትን የብረት ሰሌዳዎች መጋጠሚያ ጭረቶች በመርፌ መልሼ ቀረጽሁ።

አሁን በእጄ ያለውን የምሠራው፣ በ1961 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት ሥር ወደ ኮንጎ ከሄዱት፣ ከስዊድን ቱናንና ከህንድ ካንቤራ ጄቶች ጋር ካገለገሉት አራቱ የኢትዮጵያ ሴበሮች አንዱን እያሰብሁ ነው። እነዚያን ጄቶች ዐቅፎ የያዘ መጽሐፍ በየቤቱ የለም፤ ስለዚህም ሠርቼ ከመደርደሪያው ላይ ባቆመው፣ የሚያይ ልጅ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ጥቁሩ ደርቆ ባለፈው እሑድ ሳገላብጠው፣ ከጭራው በታች በግራ በኩል አንዲት ጭረት ታየችኝ። የእኅቴ ልጅ ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ይህን እኮ እርስዎ ካልነገሩት ማንም አያየውም» አለኝ። ሞዴሉን በእጁ ሰጠሁትና ወደ መስኮቱ እንዲያዞረው ነገርሁት። ጥቂት አዘንብሎ አየው፣ ደግሞም አየው፤ ከዚያም ጣቱን በጭረቷ ላይ እንዳሳረፈ፣ በሌላው እጁ የውሃውን ጣሳ ወደ እኔ ገፋልኝ።