ብርቱካናማዋ የመንገድ ኮን

ምልክቱ ብርቱካናማ የመንገድ ኮን የሆነውን ቪኤልሲ የተባለ የቪዲዮ ማጫወቻ የምወደው ምንም ስለማይጠይቀኝ ነው። አካውንት ክፈት አይልም፣ ማስታወቂያ አያሳይም። በፍላሽ የመጣ የሠርግ ቪዲዮ፣ ከአሮጌ ዲቪዲ የተገለበጠ ቲያትር፣ በስልክ የተቀዳ የአያት ድምፅ፣ ሁሉንም ይከፍታል። ሌላው ማጫወቻ ፋይሉን የሚፈታለት «ኮዴክ የለም» ብሎ ሲመልሰን፣ እሱ የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ ስለሚጫን ኢንተርኔት አያሻውም። ዳውንሎዱ መሀል ላይ የተቋረጠ ፊልም እንኳ ብዙ ጊዜ እስከደረሰበት ድረስ ያጫውታል፤ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። የግርጌ ጽሑፉ ከድምፁ ከቀደመ ወይም ከዘገየ፣ የጂ እና የኤች ቁልፎች ያስተካክሉታል።

ቪኤልሲ ኤኮል ሳንትራል ፓሪስ በተባለው የፈረንሳይ ትምህርት ቤት፣ በ1996 እ.ኤ.አ. በተማሪዎች ፕሮጀክትነት ተጀመረ፤ በ2001 ኮዱ ማንም እንዲጠቀምበትና እንዲያሻሽለው በነፃ ፈቃድ ተለቀቀ። ከመሪዎቹ አንዱ ዣን ባፕቲስት ኬምፍ፣ ማስታወቂያ እንዲያስገባበት የቀረበለትን ረብጣ ገንዘብ እንዳልተቀበለ በይፋ ተናግሯል። ይህን እምቢታውን ከፕሮግራሙ ጥራት እኩል አከብረዋለሁ። በዚያ ላይ፣ በኢንተርኔት እየታየ ወርሃዊ ክፍያ ሲቋረጥ አብሮ የሚጠፋ ፊልም የእኔ ነው ለማለት ይከብደኛል፤ ሃርድ ዲስኬ ላይ ያለው ግን የእኔ ነው፣ ቪኤልሲም የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ያሳየኛል። አዲስ ኮምፒውተር ለገዛ ዘመድ ሁሉ ከሠሪው ድርጅት ከቪዲዮላን ድረ ገጽ በቀጥታ አውርጄ እጭንለታለሁ፤ ከሌላ ቦታ የተገኘ ቅጂ ቫይረስ ሊኖረው ይችላልና።