የባሕርተኛው ደብተር የማን ድርሰት ነው?

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ልጃቸውን ወይም ባላቸውን ወደ ባሕር ኃይል ከላኩት የአሜሪካ ቤተሰቦች መካከል ብዙዎቹ አንድ ዓይነት መጽሐፍ ትተው አልፈዋል። መጽሐፉ ከጋዜጣ የተቆረጠ ወሬ፣ ፎቶግራፍ፣ ደብዳቤ፣ ቴሌግራምና የራሽን ኩፖን ሳይቀር እየተለጠፈ የተከማቸበት ወፍራም ደብተር ነው። ባለቤቶቹ ሲሞቱ ወራሾቻቸው ለከተማው ቤተ መዛግብት ወይም ሙዚየም ይሰጡታል። ለዚህ ዓይነቱ መጽሐፍ በአማርኛችን የጸና ስም ስለሌለው በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «መለጠፊያ ደብተር» እንለዋለን። ዓመቶቹም ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

መለጠፊያ ደብተርን ጦርነቱ አልፈጠረውም። ማርክ ትዌይን የተባለው ዕውቅ ደራሲ ሙጫው አስቀድሞ በገጹ ላይ የተቀባ፣ ውኃ ብቻ ነክቶ የሚለጠፍበት ደብተር ሠርቶ በ1873 የፈጠራ መብት እስከ መቀበል ደርሷል። ልማዱ ምን ያህል የተስፋፋ እንደ ነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ጦርነቱ የለወጠው የሚለጠፈውን ነገርና የሚለጥፈውን ሰው ሁኔታ ነው።

የታሪክ ተማሪ እንዲህ ያለውን ደብተር ሲከፍት ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ጦርነቱን ነው። መርከቡ የት ሄደ? በየትኛው ውጊያ ተካፈለ? ባሕርተኛው ምን አየ? ቤተ መዛግብቱም ይህንኑ ፍላጎት በማየት ይመስላል ደብተሩን በባሕርተኛው ስም ይመዘግበዋል። በእኔ አስተያየት ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ባሕርተኛው ደብተሩን አልሠራውም፤ አብዛኛውንም ገጽ አላየውም። እርሱ በባሕር ላይ ነበር። መቀስና ሙጫ ይዛ ከገበታው አጠገብ የተቀመጠችው እናት፣ ሚስት ወይም እኅት ናት። ስለዚህ ደብተሩ ሊመሰክር የሚችለው በየብስ ላይ ስለ ቀረው ሰው ነው፤ ባሕሩን የሚያውቀው በስሚ ስሚ ብቻ ነው።

ይህን ለማመን ደብተሩ ውስጥ የገባው ወረቀት በምን በኩል አልፎ እንደ መጣ መመርመር ይበቃል። የአሜሪካ ባሕር ኃይል በጦርነቱ ጊዜ መርከበኞች የግል የዕለት ማስታወሻ እንዳይዙ ይከለክል ነበር። ደብዳቤያቸውን የመርከቡ መኰንኖች ያነቡታል፤ ስለ ቦታ፣ ስለ ጉዞ፣ ስለ ደረሰ ጉዳት የሚናገረውን ክፍል ይሠርዙታል ወይም ይቆርጡታል። ከሰኔ 1942 ጀምሮም ወደ ሌላ አህጉር የሚመላለሰው ደብዳቤ ከፊሉ በማይክሮፊልም እየተነሣ፣ መድረሻው ላይ በትንሽ ወረቀት ተመልሶ እየታተመ ይታደል ጀመር። ስለዚህ እናትዮዋ የምትለጥፈው የልጅዋ የእጅ ጽሕፈት እንኳ አንዳንድ ጊዜ ፎቶግራፍ ነው፤ ልጁ የነካው ወረቀት አይደለም። ጋዜጦቹም ቢሆኑ ከታኅሣሥ 1941 ጀምሮ የተቋቋመውን የሳንሱር ቢሮ መመሪያ ይከተሉ ነበር። እንግዲህ ደብተሩ የተወለደው በሁለት መቀሶች መካከል ነው፤ አንደኛው የመንግሥት፣ ሁለተኛው የእናት።

ይህን አስተያየት በአንድ በታወቀ ምሳሌ እንፈትነው። በአዮዋ ግዛት ዋተርሉ በምትባል ከተማ የሚኖሩ የአንድ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ አምስት ልጆች፣ ጆርጅ፣ ፍራንሲስ፣ ጆሴፍ፣ ማዲሰንና አልበርት ሱሊቫን፣ እንዳይለያዩ ተስማምተው በጥር 1942 በባሕር ኃይል ተቀጠሩ። አምስቱም ጁኖ በተባለችው ቀላል ክሩዘር ላይ ተመደቡ። መርከቧ በኅዳር 13 ቀን 1942 በጓዳልካናል ደሴት አጠገብ በሌሊት በተደረገው ውጊያ በቶርፔዶ ቆሰለች፤ በዚያው ቀን ረፋድ ላይ ስታፈገፍግ አንድ የጃፓን ሰርጓጅ መርከብ ሌላ ቶርፔዶ መታትና ወዲያው ፈንድታ ሰጠመች። የቀሩት መርከቦች በሰርጓጁ ፍርሃት ቆመው ሰው ለማንሣት አልደፈሩም። 687 ሰዎች አለቁ፤ ብዙ ቀን በባሕር ላይ ከቆዩት መካከል በሕይወት የወጡት 10 ያህል ብቻ ናቸው። ከአምስቱ ወንድማማቾች አንድም አልተረፈም።

አሁን እስቲ በዋተርሉ ያለውን ቤት እናስብ። ባሕር ኃይሉ የመርከቧን መጥፋት ጠላት እንዳያውቅ ሲል ለሕዝብ ሳይገልጽ ቆየ። ደብዳቤ መምጣቱ ቆመ፤ ጋዜጣው ዝም አለ። ለቤተሰቡ የሚያረዱት መልእክተኞች ደጅ የደረሱት በጥር 12 ቀን 1943 ነው። በመካከሉ ሁለት ወር ሙሉ አለፈ። በእነዚህ ሁለት ወሮች ግን በከተማው ውስጥ ወሬ ነበረ። እናትየዋ ወይዘሮ አለታ ሱሊቫን በዚያ ጥር ለባሕር ኃይሉ መሥሪያ ቤት የጻፉት ደብዳቤ እንደሚያስረዳው፣ አንዲት ሌላ እናት ከልጅዋ የደረሳትን ደብዳቤ ጠቅሳ አምስቱም ሞቱ የሚለውን ነገር ነግራቸዋለች፤ ወሬው ከተማውን ሁሉ አዳርሶ ነበር። እርሳቸውም እውነቱን እንዲነግሯቸው ይጠይቃሉ።

ከዚህ ላይ የመለጠፊያ ደብተር ትልቁ ጉድለት፣ ከዚያም በላይ ትልቁ ጥቅሙ አብሮ ይታያል። ወሬ አይለጠፍም። ጎረቤት በአጥር ላይ ተንጠራርታ የነገረችው፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ የተንሾካሾኩት፣ ገበያ ውስጥ ሰው ዓይኑን የሰበረው በመቀስ ተቆርጦ ገጽ ላይ አይገባም። ስለዚህ በቀን ተራ የተሠራ ደብተር ጦርነቱ በከፋበት ሰዓት ባዶ ይሆናል፤ ከኅዳሩ ደብዳቤ ቀጥሎ የሚመጣው የጥሩ ቴሌግራም ነው። ተመራማሪው ይህን ክፍተት «መረጃ የሌለበት ጊዜ» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ከደብተሩ ሁሉ የሚታመነው ይህ ክፍተት ነው እላለሁ፤ ሌላውን ሁሉ ሳንሱር አይቶታል፣ ጋዜጠኛ አሳምሮታል። ዝምታውን ግን ማንም አላረመውም።

ከጥር 1943 በኋላ ደግሞ የተገላቢጦሽ ሆነ። ዝም ያለው ጋዜጣ አፉን ከፈተ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የኀዘን ደብዳቤ ላኩ፤ ወላጆቹ የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎችን እየዞሩ ሠራተኛውን እንዲያበረቱ ተደረገ፤ የወንድማማቾቹ ፎቶግራፍ በመንግሥት ፖስተር ላይ ወጣ። መርከቧ ሥራ በጀመረችበት ቀን፣ በየካቲት 14 ቀን 1942፣ በኒው ዮርክ የጦር መርከብ መሥሪያ የተነሡት ፎቶግራፍ ዛሬም በብዙ መጽሐፍ ይታያል። ለእናት የልጆች ሥዕል ነው፤ ለፖስተሩ ግን «እነርሱ ድርሻቸውን ተወጥተዋል፣ አንተሳ?» የሚል ጥያቄ ነው። ሥዕሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አጠገቡ የተለጠፈው ነገር ነው። መለጠፊያ ደብተርም እንደ ድርሰት የሚመዘነው በዚህ ነው። ለጣፊዋ አንድ ቃል ሳትጽፍ፣ ምኑን ከምን ጎን እንዳስቀመጠች ብቻ አሳብዋን ትገልጻለች።

በ1944 ሎይድ ቤከን ያዘጋጀው ስለ ሱሊቫኖች የተሠራ ፊልም ይህን ምሥጢር የተረዳ ይመስላል። የጦርነት ፊልም አያለሁ ብሎ የገባ ሰው ሲጠመቁ፣ ሲጣሉ፣ ሲገረፉ፣ ታናሹ ሚስት ሲያገባ ሲያይ ያመሻል፤ ውጊያው የሚመጣው ወደ መጨረሻው ነው። አንዳንዱ ይህን እንደ ድክመት ይቈጥረዋል። እኔ ግን የፊልሙ ቅርጽ ከቤተሰብ ደብተር የተወሰደ ያህል ነው እላለሁ፤ ጉድለቱም ሌላ ነው። ፊልሙ ሁለቱን የዝምታ ወሮች ለመታገሥ አልቻለም። ቶሎ ወደ ማጽናኛው፣ በስማቸው ወደ ተሰየመችው አዲስ የጦር መርከብ ይሮጣል።

ወደ ቤተ መዛግብቱ እንመለስ። የጋዜጣ ወረቀት ከእንጨት ፈጭታ የሚሠራ ስለሆነ ውስጡ ያለው አሲድ ራሱን ያቃጥለዋል፤ ይጠወልጋል፣ ይሰባበራል፣ ከጎኑ ያለውን ፎቶግራፍና ደብዳቤ ያበላሻል። ሙጫውም ያጠፋዋል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ሠራተኛ ደብተሩን ይፈታና ፎቶግራፉን ከፎቶግራፍ፣ ደብዳቤውን ከደብዳቤ ጋር ይመድባል፤ የጋዜጣውን ቁራጭ ገልብጦ ዋናውን ይጥለዋል። ወረቀቱ ይድናል፤ ድርሰቱ ግን ይጠፋል። ባዶ የቀረ ገጽማ ምን ተብሎ በየትኛው ሣጥን ይገባል? ሐሳቤ መፍታት ክልክል ይሁን ለማለት አይደለም፤ አንዳንዱ ደብተር ካልተፈታ አይተርፍም። ነገር ግን ከመፈታቱ በፊት እያንዳንዱ ገጽ፣ ባዶውም ጭምር፣ በተራው ፎቶግራፍ ይነሣ፤ በመዝገቡም ላይ ከባሕርተኛው ስም በፊት የለጣፊዋ ስም፣ ከታወቀ፣ ይጻፍ። ካልታወቀም የእጅ ጽሕፈቱን አይቶ እናት ናት ወይስ ሚስት ብሎ መጠየቅ ከመርከቡ ክብደትና ፍጥነት ይልቅ ለምርምር ይጠቅማል። የአሁኑ መዝገብ ግን ስለ መርከቡ ብረት ሳይቀር ይነግረናል።

የሚቀረው አንድ ነገር ነው። መለጠፊያ ደብተር ወደ ቤቱ የገባውን ወረቀት ብቻ ይይዛል፤ ከቤቱ የወጣውን አይዝም። የወይዘሮ አለታ ደብዳቤ ዛሬ የሚገኘው በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ ከባሕር ኃይሉ መዝገብ ጋር ነው። በስማቸው የቆመው ሙዚየም ግን በ2008 የተከፈተው በዋተርሉ ነው። በዚያ ደብዳቤ ውስጥ ወይዘሮዋ ከልጆቻቸው ጉዳይ ጋር አንድ ሌላ ነገር ያነሣሉ፦ ታዋሳ የምትባል አንዲት የባሕር ኃይል መርከብ እንዲመርቁ በኦሬገን ግዛት ወደ ፖርትላንድ ተጠርተው ነበርና፣ ልጆቻቸው ምንም ሆነው ቢገኙ፣ የልጆቹ ፈቃድ ስለ ነበረ፣ ሄደው እንደሚመርቁ ያስታውቃሉ። በኋላም ሄደው መረቁ። የምረቃው ፎቶግራፍ በማንኛውም ደብተር ውስጥ ሊለጠፍ ይችላል፤ ያ ዐረፍተ ነገር ከአጠገቡ ካልተቀመጠ ግን አንዲት ሴት በመርከብ ፊት ቆማ ከመታየት በቀር ፎቶግራፉ የሚናገረው ነገር የለም።