ከቀዩ ውስጥ የሚወጣው አረንጓዴ

በደንብ የተሠራ የኮንጎ ቀይ ስላይድ መጀመሪያ ሲያዩት አያስደንቅም። ከኩላሊት በመርፌ የተወሰደች ትንሽ ናሙና በመስታወት ላይ ተዘርግታለች፤ የሕዋሶቹ ኒውክሊየስ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ፣ ደም የሚያጣሩት ክብ ክብ ጉንጉኖች ደግሞ ብርቱካንማ ቀይ ለብሰዋል። የፓቶሎጂ ሐኪሙ ክፍሉን ያጨልማል፣ የማይክሮስኮፑን መብራት እስከ መጨረሻው ይጨምራል፣ ከናሙናው በታችና በላይ ያሉትን ሁለት ፖላራይዘሮች ያቋርጣቸዋል። የሚታየው ሁሉ ይጠቁራል። ቀይ ከነበረው ውስጥ ግን ሐኪሞች የፖም አረንጓዴ የሚሉት ቀለም ቦግ ይላል። ስላይዱን ቀስ አድርገው ሲያዞሩት አንዱ ጥግ ይጠፋና ሌላው ይበራል። ይህ ከታየ ኩላሊቱ ውስጥ አሚሎይድ የሚባል የፕሮቲን ክምችት ገብቷል ማለት ነው።

ለዚህች ቅጽበት የላብራቶሪ ባለሙያው እጅ ብዙ ለፍቷል። በፓራፊን ሰም የደነደነ ናሙና ለተለመደው የኩላሊት ምርመራ ሦስት አራት ማይክሮን ያህል ሳስቶ ይቆረጣል፤ ለኮንጎ ቀይ ግን ስምንት ወይም አሥር ማይክሮን ይፈለጋል። ከዚያ ከሳሳ አረንጓዴው ይደክማል፣ ጥቂት አሚሎይድ ቢኖር እንኳ ያመልጣል። ከልክ በላይ ከወፈረ ደግሞ ቀለሙ ወደ ቢጫ ያደላል። ሆልደ ፑክትለርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተሙት ዘዴ ቀለሙ የሚበጠበጠው በጨው በጠገበ የአልኮል ውህድ ነው። ጨው የሚገባው ቀለሙ ያገኘውን ሁሉ እንዳይነክር፣ አሚሎይዱን ብቻ እንዲይዝ ነው። ከበሽተኛው ስላይድ ጎን አሚሎይድ እንዳለበት አስቀድሞ የታወቀ ሌላ ስላይድም አብሮ ይቀለማል፤ እሱ አረንጓዴ ካልሰጠ የዕለቱ ሥራ አይታመንም።

ቀለሙ ራሱ የተወለደው በሕክምና ቤት አይደለም። ፓውል በቲገር እ.ኤ.አ. በ1883 ጀርመን ውስጥ የሠሩት የጥጥ ማቅለሚያ ሲሆን፣ ረዳት ኬሚካል ሳይፈልግ በቀጥታ ጥጥ ላይ መጣበቁ ስም አውጥቶለታል። ሞለኪዩሉ ረጅምና ጠፍጣፋ ነው፤ ረጅም ክር ሲያገኝ በክሩ ርዝመት ይጋደማል። አሚሎይድም ክር ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ የቀለም ሞለኪዩሎች በአንድ አቅጣጫ ስለተኙበት በፖላራይዘሮቹ መካከል የሚያልፈውን ብርሃን ይለውጡታል። ኮላጅንም በዚያ ጨለማ ውስጥ ያብለጨልጫል፤ የእሱ ግን ወደ ብርማ ነጭ ያደላል። የሠለጠነ ዓይን የሚፈተነው ይህን ከዚያ ሲለይ ነው።

ክሩ ከ7 እስከ 10 ናኖሜትር ያህል ይሰፋል። የፕሮቲኑ ሞለኪዩሎች እያንዳንዳቸው ጠፍጣፋ ሆነው በመሶብ ውስጥ እንዳለ እንጀራ አንዱ በሌላው ላይ ይነባበራሉ። በተነባበሩት ሁለት ሞለኪዩሎች መካከል ያለው ርቀት 0.47 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ ከታች እስከ ላይም አይዛነፍም። እ.ኤ.አ. በ2019 በጀርመን የኡልም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሚገኙበት ቡድን ከአንድ ሰውና ከአንድ አይጥ የተገኙ ክሮችን በክራዮ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አንሥቶ ነበር። የሰውየውና የአይጡ ክሮች የተጠመዘዙት በተቃራኒ አቅጣጫ ሆኖ ተገኘ፤ የሁለቱም ፕሮቲን መጀመሪያ ግን የታጠፈው በእጅጉ በሚመሳሰል ቅርጽ ነው።

በዚያ ጥናት የታየው የክር ዓይነት የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ሲረም አሚሎይድ ኤ የሚባል፣ 104 አሚኖ አሲድ ያለው ፕሮቲን ነው። ጉበት የሚያመርተው የብግነት መልእክት ሲደርሰው ነው፤ ዋናው መልእክተኛ ኢንተርሉኪን 6 ነው። በጤና ጊዜ ደም ውስጥ ያለው ጥቂት ነው፤ ብርቱ ብግነት ሲነሣ እስከ ሺህ እጥፍ ሊያድግ ይችላል። ሕመሙ በቀናት ካለፈ ፕሮቲኑም ይወርዳል፣ ጉዳት የለም። ችግሩ ብግነቱ ለዓመታት ሲቆይ ነው፦ ያልታከመ ቲቢ፣ ሥጋ ደዌ፣ የሚመረቅዝ አጥንት፣ ሩማቶይድ አርትራይተስ። ያኔ ፕሮቲኑ ይቆራረጣል፤ ብዙ ጊዜ ክሩ ውስጥ የሚገኘው የመጀመሪያዎቹ 76 አሚኖ አሲዶች ቁራጭ ነው። ቁራጮቹ የቀድሞ ቅርጻቸውን ትተው መነባበር ይጀምራሉ። ጥቂቶቹ አንዴ መልክ ከያዙ በኋላ የሚመጣው ሁሉ የእነሱን መልክ ይከተላል።

ጉዳቱ በዝምታ ይገባል። ክሮቹ በኩላሊት ማጣሪያዎች ውስጥ ቦታ ሲይዙ አልቡሚን ወደ ሽንት ያመልጣል፣ እግር ያብጣል፤ ካልተገታ መጨረሻው የኩላሊት እጥበት ሊሆን ይችላል። ጣፊያ፣ ጉበትና አንጀትም አይተርፉም።

እዚህ ላይ ያ የሚያምር አረንጓዴ ሌላ ትርጉም ያገኛል። ስላይዱን የሚያበራው የክሩ ሥርዓት ነው፤ ክሩን ለሰውነት አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው ሥርዓት ነው። ፕሮቲን የሚቆርጡ ኢንዛይሞች ልል ጫፍ ይፈልጋሉ፤ እንዲህ ጥብቅ ብሎ የተደረደረ ነገር ግን በቀላሉ አይፈታላቸውም። አይፈታም ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 ከለንደን የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በደማቸው ያለው የሲረም አሚሎይድ ኤ መጠን በሊትር ከ10 ሚሊግራም በታች በቆየላቸው 42 በሽተኞች መካከል በ25ቱ ክምችቱ ቀንሷል፣ በ14ቱ ባለበት ቆሟል። አቅርቦቱ ሲነጥፍ ሰውነት የቆየውን ቀስ በቀስ ያነሣል።

አረንጓዴው የማይናገረው ነገርም አለ፤ ክሩ ከየትኛው ፕሮቲን እንደተሠራ አይገልጥም። ከመቅኒ ሕዋሳት የሚመጣ ሌላ ዓይነት አሚሎይድም ያንኑ ቀለም ይሰጣል፤ ሕክምናው ግን ፈጽሞ ይለያል። ስለዚህ ጠንቃቃ ላብራቶሪ አረንጓዴውን አይቶ አያበቃም፤ ፕሮቲኑን በፀረ እንግዳ አካል ይለያል።

ከዚህ ሁሉ ጥበብ የሚበልጠው ስላይዱን የማያስፈልግ የሚያደርገው ሕክምና ነው። በእስራኤል ቴል ሀሾሜር ብግነት በሚቀሰቅሰው የሜዲትራኒያን የትኩሳት ሕመም የተያዙ በሽተኞች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ ጥናት ለዚህ ምስክር ነው። ሲጀመር አሚሎይድ ካልታየባቸው 960 ሰዎች መካከል ኮልቺሲን የተባለውን መድኃኒት እንደታዘዘላቸው ከወሰዱት በሽንታቸው ፕሮቲን የተገኘው 4 ነበሩ፤ በትክክል አልወሰድንም ካሉት 54 ሰዎች ግን 16። በየዕለቱ የምትዋጥ ክኒን ብግነቱን ስትገታ ጉበትም ለክሩ የሚሆን ጥሬ ዕቃ አያትረፈርፍም።