ዓይን ያወጣ ልቦለድ

2012 ዓ.ም. ላይ ወለጋ ውስጥ ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። እኔ ያኔ ዲጋ፣ እናቴ ቤት ነበርኩ። ኮድ ጽፎ ለሚያድር ሰው ኔትወርክ የሌለበት ቤት ምን እንደሚመስል ገምቱት። ላፕቶፑን ዘግቼ የአዳም ረታን «የስንብት ቀለማት» (2008 ዓ.ም.) ከፈትኩ።

አዳምን ብዙዎቻችን የምናውቀው በመጽሐፎቹ ብቻ ነው። ኑሮው ካናዳ ነው። ከአገር ርቆ ግን የአማርኛን ልቦለድ ቅርጽ እንደሱ የፈተነ ጥቂት ነው። አጻጻፉን ራሱ «ሕጽናዊነት» ይለዋል፤ ምሳሌው ደግሞ እንጀራ ነው። ዓይኖቹ ለየብቻ ናቸው፣ እንጀራው ግን አንድ ነው። አንዱ ታሪክ ውስጥ በጎን ያለፈ ነገር ሌላው ውስጥ መሃል ላይ ይቀመጣል።

ለእኔ ቢጤ ይሄ በቃ ሊንክ ነው! ወዲያው ትዝ ያለኝም ጀርመናዊው አርኖ ሽሚት ነበር። ባርግፌልድ በምትባል ትንሽ መንደር ከሰው ርቆ፣ ማስታወሻዎቹን በብዙ ሺህ ካርዶች ላይ እየመዘገበ፣ በ1970 እ.ኤ.አ. ከ1,300 ገጽ በላይ የሆነ፣ በሦስት ዓምድ የተጻፈ ግዙፍ መጽሐፍ አወጣ። «አዳም የእኛ ሽሚት ነው» ብዬ ልጽፍ ነበር። እናቴ አስጣለችኝ።

ቢዴና እየጋገረች ነበር። የእንጀራውን ነገር ስነግራት ሳቀች። በኦሮምኛ ያለችኝ ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነው፦ «ዓይን በጣት አይወጋም። ሊጡ ከቦካ ራሱ ያወጣል።»

ከዚያ በኋላ አዳምን የማነበው በዚህ ሚዛን ነው። «ግራጫ ቃጭሎች» (1997 ዓ.ም.) ቦክቷል። መዝገቡ ዱባለን ስከተል ቅርጹን ጭራሽ ረሳሁት፤ ግንኙነቶቹ የታዩኝ መጽሐፉን ከዘጋሁ በኋላ ነው። «የስንብት ቀለማት» ውስጥ ግን አንዳንድ ቦታ ጣት ይታየኛል። ማያያዣው ታሪኩ ስለጠየቀው ሳይሆን ሐሳቡ እንዲረጋገጥ የገባ ይመስለኛል። እዚያ ጋ ሰው አላነብም፣ ንድፍ ነው የማነበው። የራሴን ኮድ ስመለከት የማፍርበትም ጥፋት ይሄው ነው፦ ማንም ያልጠየቀው ብልሃት።

ይሄን የምለው አዳምን ላሳንስ አይደለም። እኛ ወይ «ከባድ ነው» ብለን እንሸሸዋለን፣ ወይ ሳናነበው «ሕጽናዊነት» እያልን እንፎክርበታለን። ሁለቱም ያው አለማንበብ ነው። መጽሐፉን ክፈቱና ዓይን ባያችሁ ቁጥር አንድ ነገር ጠይቁ፦ ቦክቶ ነው ወይስ ተወግቶ?