በባዕድ አገር የተቀመጠ ሰውና የመኪና መንገድ፤ በሁለት መጻሕፍት ላይ የቀረበ ሂስ

የአንድን ሕዝብ ልማድ ለመመርመር የሚነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ምስክሩ ማን እንደ ሆነ ነው። ስለ ባዕድ አገር ከሚጽፉት ሰዎች መካከል አንዱ አይቶ የሚመለስ መንገደኛ ነው፤ ሌላው ቤት ተከራይቶ፥ ግብር ከፍሎ፥ ከጎረቤት ጋር ተስማምቶም ተጣልቶም የሚኖር ነው። መንገደኛው በሰው መኪና ተቀምጦ ያያል፤ ነዋሪው ግን ራሱ ይነዳል። ልዩነቱ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የሁለቱን ምስክርነት ዋጋ የሚለየው ይኸው ነው።

ለምሳሌ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ያሳተሙት «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የመንግሥት መልእክተኛ ሥራ ነው። ለእንዲህ ያለው የከበረ እንግዳ መኪናው ይቀርብለታል፥ መንገዱም ይከፈትለታል። የጻፈው ሁሉ እውነት ቢሆንም እንኳ፥ በመስቀለኛ መንገድ ላይ ቆሞ «ማን ይቅደም?» ብሎ ከአገሬው ሰው ጋር መፋጠጥ ለመልእክተኛ አይደርሰውም። ለነዋሪው ግን ይህ የየዕለቱ ኑሮ ነው። ባዕድ ሰው አፉን በከፈተ ጊዜ በአነጋገሩ ይታወቃል፤ መሪ ጨብጦ በመንገድ ላይ ሳለ ግን አነጋገሩን የሚሰማ የለም። ያን ጊዜ የሚፈተነው ደንብ በማወቁ ብቻ ነው። ደንቡም ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ በሕግ ተጽፎ የሚገኘው፥ ሁለተኛው ደግሞ አገሬው ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀውና ማንም ጽፎ የማይሰጠው ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ከተጻፉት መጻሕፍት መካከል ብዙ አንባቢ ያገኙ ሁለት አሉ። አንደኛው የጆርጅ ሚኬሽ «ባዕድ መሆን እንዴት ይቻላል» ሲሆን፥ ሁለተኛው የፒየር ዳኒኖስ «የሻለቃ ቶምፕሰን ማስታወሻ» ነው። ሁለቱም ያስቃሉ፤ ሁለቱም ስለ ምግብ፥ ስለ ሰላምታና ስለ መኪና አነዳድ ይናገራሉ፤ ሁለቱም ብዙ ጊዜ አንድ ላይ ይጠቀሳሉ። ሲመረመሩ ግን የሚመሰክሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሚኬሽ በ1912 በሃንጋሪ፥ በሲክሎሽ ከተማ ተወለደ። በ1938 የቡዳፔስት ጋዜጦች ወኪል ሆኖ የሙኒክን ውዝግብ ለመዘገብ ወደ ለንደን መጣ። ለጥቂት ሳምንታት የመጣው ሰው በ1987 እስኪሞት ድረስ መኖሪያውን በዚያው አደረገ። በጦርነቱ ዘመን በቢቢሲ የሃንጋርኛ ክፍል ሠራ፤ በ1946 የእንግሊዝ ዜግነት ተቀበለ። ኒኮላስ ቤንትሊ ሥዕል የሳለበት ይህ ትንሽ መጽሐፍ የታተመውም በዚያው ዓመት ነው። ነገሩ የሚነሣው ከአንድ ግኝት ነው። ጸሐፊው ራሱን ባዕድ ብሎ ጠርቶ አያውቅም ነበር፤ አንዲት እንግሊዛዊት ግን ባዕድነት በቦታ የሚለወጥ አለመሆኑን፥ እርሷ ቡዳፔስት ድረስ ብትሄድ እንኳ ባዕድ የሚባለው እርሱ መሆኑን አስረዳችው።

ስለ መኪና የሚናገረው ምዕራፍ አጭር ነው። በመጀመሪያ በእንግሊዝ አገር መኪና መንዳት በሌላ አገር ከመንዳት እምብዛም እንደማይለይ፥ በዝናብና በነፋስ ጎማ መለወጥም የትም ቢሆን ያው እንደ ሆነ ይናገራል። ከዚህ በኋላ ነው ልዩነቱን የሚያነሣው። በከተማ ውስጥ ከ30 ማይል፥ ማለት ከ48 ኪሎ ሜትር ያህል በላይ በሰዓት መንዳት ክልክል መሆኑን ይጠቅሳል፤ ከዚያም ወደ ዋናው ጉዳይ፥ ወደ መኪና ማቆም ይመጣል። በለንደን መካከል መኪናውን ያቆመ ሰው በፖሊሶች ይከበባል፤ እዚያ ማቆም ክልክል መሆኑ ይነገረዋል፤ ታዲያ የት ይቻላል ብሎ ሲጠይቅ ግን መልስ የለም። ሚኬሽ ፖሊሶቹን አይነቅፍም። መኪና የተሠራው ለመሄድ እንጂ ለመቆም ስላልሆነ እውነታቸውን ነው ይላል። በሌላ ወገን ደግሞ እሑድ ቀን ወደ ሰፊ መስክ ነድተው ሄደው፥ መስኮቱን ዘግተው በመኪናቸው ውስጥ የሚተኙትን ሰዎች ያቀርባል፤ እነዚህም መኪና የተሠራው ለመቆም ነው የሚል እምነት ያላቸው ይመስላሉ። ነገሩን እንደ ሁለት የሃይማኖት ወገኖች ክርክር አድርጎ ይተርከዋል።

በዚህ ምዕራፍ ውስጥ ሁለት ነገሮች ሊስተዋሉ ይገባል። የመጀመሪያው፥ መኪና ማቆሚያ ማጣት የነዋሪ እንጂ የመንገደኛ ችግር አለመሆኑ ነው። መንገደኛው ከደጃፍ ይወርዳል፤ መኪናው ከዚያ በኋላ የት እንደ ዋለ አይጠይቅም። ሚኬሽ የጻፈው በየቀኑ ወደ ሥራው ሄዶ በየቀኑ ያንኑ መልስ የሚሰማ ሰው የሚያውቀውን ነው። ሁለተኛው የአነጋገሩ ስልት ነው። ባለሥልጣን ሲከለክለው አይከራከርም፤ ከባለሥልጣኑ አልፎ ሄዶ ክልከላውን ራሱ ያመሰግናል። ይህ የመቃወም መብቱ ያልጸና ሰው አነጋገር ነው። የአማርኛ አንባቢ ይህን ስልት ለመረዳት አይቸገርም፤ ሰሙ ታዛዥነት፥ ወርቁ አቤቱታ ነው። ስለ ዜግነት የሚናገረው የመጽሐፉ የመጨረሻ ምዕራፍም በዚሁ መንገድ ይሄዳል፤ ቃሉ ራሱ ዜግነት ከማግኘቱ በፊት ሰው ተፈጥሮው ያልተሟላ መሆኑን የሚያመለክት ነው እያለ ይቀልዳል። ስለዚህ መንገዱና የዜግነት ወረቀቱ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ መገናኘታቸው በአጋጣሚ አይደለም። በሁለቱም ስፍራ የሚጠየቀው፥ እንግዳው ያለ ጥያቄ ሊቆም የሚችልበት ቦታ የት ነው የሚለው ነው።

ዳኒኖስ ግን በባዕድ አገር የተቀመጠ ሰው አይደለም። በ1913 በፓሪስ ተወልዶ በ2005 የሞተ ፈረንሳዊ ነው፤ በ1940 ከእንግሊዝ ጦር ጋር በአገናኝነት አገልግሏል። «የሻለቃ ቶምፕሰን ማስታወሻ» በመጀመሪያ በፊጋሮ ጋዜጣ፥ ቀጥሎም በ1954 በመጽሐፍ ወጣ። ሻለቃው በሕንድ ከነበረው የእንግሊዝ ጦር በጡረታ የተሰናበተ፥ እንግሊዛዊት ሚስቱ ኡርሱላ ከሞተች በኋላ ማርቲን የምትባል ፈረንሳዊት አግብቶ በፓሪስ የሚኖር የልብ ወለድ ሰው ነው። ዳኒኖስ የእርሱን ጽሑፍ የሚተረጉም ብቻ መስሎ ይቀርባል። ይህ ዘዴ በፈረንሳይ ጽሑፍ ውስጥ አሮጌ ነው፤ ሞንቴስኪዩ በ1721 ባሳተመው «የፋርስ ደብዳቤዎች» ኡዝቤክና ሪካ የሚባሉ ሁለት ፋርሳውያን ፓሪስን እንዲታዘቡ አድርጓል።

ሻለቃው በፈረንሳይ መንገድ ላይ ያስተዋለው ዋና ነገር የጠባይ መለወጥ ነው። በቤቱ ትሑት፥ በሰላምታው እጅ ጨባጭ የሆነው ሰው፥ ሌላውን በትሕትና ወደ መኪናው ጋብዞ መሪ በጨበጠ ጊዜ ክፉ መንፈስ እንደ ያዘው ሰው ይሆናል። ሥዕሉ ሕያው ነው፤ በደጃፍ ላይ «አንተ ቅደም» ተባብለው የሚለማመጡት ሰዎች በመስቀለኛ መንገድ ላይ አለመለማመጣቸውን ማስተዋልም ብልህነት ነው። ይሁን እንጂ ይህን የሚያየው ዓይን የማን ነው? ሻለቃው አልፎ አልፎ ቢደነቅም፥ ያየውን ሲተረጉም የሚሳሳተው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። በእውነት በባዕድ አገር የተቀመጠ ሰው ግን ቁጣን እንደ ጠብ፥ ዝምታን እንደ ስምምነት ቆጥሮ ሲሳሳት ነው ትምህርት የሚያገኘው። ስሕተቱ ራሱ ማስረጃ ነው፤ የተጻፈውና ያልተጻፈው ደንብ የሚለያዩበትን ድንበር የሚያሳየው እርሱ ነውና። ሻለቃ ቶምፕሰን ይህን ማስረጃ ሊሰጥ አይችልም፤ ስሙና ልብሱ እንግሊዛዊ ቢሆንም በልቡ የሚያስበው ፈረንሳዊ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ፥ ሻለቃው የመኖሪያ ፈቃድ ያሳስበው ዘንድ ምክንያት የለውም፤ ጡረታና ማዕርግ አለው፤ ስለዚህ በግልጥ ይነቅፋል። ሚኬሽ በማመስገን የሸፈነውን፥ እርሱ በወቀሳ ይናገረዋል።

ይህ ማለት የዳኒኖስ መጽሐፍ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ፈረንሳውያን በጦርነቱ ማግሥት ራሳቸውን በማን ዓይን ለማየት እንደ ወደዱ ለሚመረምር ሰው ጥሩ ምንጭ ነው። ጥፋቱ የአንባቢው ይሆናል፤ ይኸውም የአገሬውን ራስን መታዘብ የእንግዳ ምስክርነት አድርጎ ሲጠቅሰው ነው።

ሁለቱ ጸሐፊዎች የሚጋሩት አንድ ጉድለት ደግሞ አለ። በመንገድ ላይ የታየውን ሁሉ የሕዝቡ ጠባይ ውጤት ያደርጉታል። ነገር ግን የመንገድ ልማድ ታሪክ ያለው፥ በሕግና በገንዘብ የሚለወጥ ነገር ነው። በፈረንሳይ ምልክት በሌለበት መስቀለኛ መንገድ ቅድሚያ ከቀኝ ለሚመጣው ነው፤ ከትንሽ መንገድ ድንገት የሚወጣው መኪና ለባዕድ ሰው ድፍረት ቢመስለውም፥ ነጂው ሕግ የሰጠውን መብት መጠቀሙ ነው። ከከተማ ውጭ የፈረንሳይ መንገዶች እስከ 1973 ድረስ አጠቃላይ የፍጥነት ወሰን አልነበራቸውም፤ ስለዚህ በ1954 የታየው ፍጥነት የደም ጠባይ ብቻ ሳይሆን የደንብ አለመኖርም ነበር። በዚያው በ1954 የፓሪስ የፖሊስ ሹም ክላክስ መንፋትን ከለከለ፤ የከተማይቱ ጠባይ ነው ይባል የነበረው ጩኸት በትእዛዝ ጸጥ አለ። በእንግሊዝ በኩልም እንዲሁ ነው። በከተማ የ30 ማይል ወሰንና አስገዳጁ የመንጃ ፈቃድ ፈተና የመጡት በ1935 ነው፤ ሚኬሽ እንግሊዝ አገር ከገባበት ጊዜ በሦስት ዓመት ብቻ ይቀድማሉ። መጽሐፉ በታተመበት በ1946 ደግሞ ከ1939 እስከ 1950 በቆየው ሥርዓት መሠረት ቤንዚን በራሽን ይታደል ነበር። ምዕራፉ ግን የሚያሳየው ዘመን የሌለው የእንግሊዝ መንገድ ነው።

ነገሩን ይበልጥ የሚገልጥ ሌላ ምሳሌ አለ። ስዊድን መስከረም 3 ቀን 1967፥ በአውሮፓ ወር፥ ከግራ ወደ ቀኝ መንገድ ተዛወረች። ኢትዮጵያም ከዚያ ቀደም ብላ በ1956 ዓ.ም. ይህንኑ ለውጥ አድርጋለች። በአንድ ቀን ውስጥ ሕዝቡ ሁሉ መሄጃውን ለወጠ፤ የሕዝቡ ጠባይ ግን በዚያ ሌሊት ተለወጠ የሚል ማንም የለም። እንግዲህ ተመራማሪው በመንገድ ላይ የሚያየውን ነገር ሁሉ፥ ይህ በአዋጅ ሊለወጥ የሚችል ነው ወይስ አዋጅ የማይደርስበት ነው ብሎ ሊለየው ይገባል። መኪና በየት በኩል እንደሚሄድ የመጀመሪያው ነው። መንገድ ለለቀቀ ሰው እጅ አንሥቶ ማመስገን፥ ወይም አለማመስገን፥ የሁለተኛው ነው።

ምናልባት እነዚህ የቀልድ መጻሕፍት ናቸው፥ በጥናት ሚዛን ሊመዘኑ አይገባም የሚል ይኖራል። መልሱ በሚኬሽ መጽሐፍ ዕጣ ውስጥ ይገኛል። ጸሐፊው ራሱ በኋላ ጊዜ እንደ ተናገረው፥ እንግሊዞች ይቆጡኛል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ እነርሱ ግን በፍቅር ተቀበሉት፥ መጽሐፉንም ደጋግመው አሳተሙት። በአማርኛ ተረት «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። ሚኬሽ አጥሩን ነቀነቀ፤ ባለቤቱ ግን ጨዋታ መስሎት ሳቀ። ይህ የአስተናጋጁን ቸርነት ያሳያል፤ ነገር ግን አቤቱታው ሳይሰማ መቅረቱንም ያሳያል። ባዕድ መሆን በቦታ አይለወጥም የተባለው ቃል ለአንባቢው ጥሩ ቀልድ ሆነ፤ በ1938 ለጥቂት ሳምንታት መጥቶ ለቀረው ሰው ግን የኑሮው ፍርድ ነበር። ተመራማሪ ከሳቁ ጋር አብሮ ስቆ ካለፈ፥ የሰነዱን ዋና ቃል ሳያነብ ዘጋው ማለት ነው።

በውጭ አገር ተቀምጠው የሚማሩና የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩበት አገር ሲጽፉ ከሁለቱ መጻሕፍት የሚወስዱት ትምህርት ይህ ነው። ስለ ሕዝቡ ጠባይ ከመፍረዳቸው በፊት የመንገዱን ደንብ፥ ደንቡ የወጣበትን ዓመትና የቤንዚኑን ሁኔታ ይመርምሩ። መንጃ ፈቃድ ሲፈተኑ የወደቁበትን ጥያቄ፥ ጎረቤት በመኪናቸው አቋቋም የተቆጣበትን ቀን፥ ሰላምታ መስሏቸው ስድብ ሆኖ የተገኘውን የእጅ ምልክት ይጻፉ። ቀልዱ ይኑር፤ ነገር ግን ስሕተታቸውን ከነቀኑና ከነቦታው ሳያስቀሩ ይመዝግቡት። ሻለቃ ቶምፕሰን ሊጽፈው ያልቻለው ይህን ነው፤ ሚኬሽ ደግሞ ከግማሹ በላይ በቀልድ ሸፍኖታል።