አዲስ ብይ በአሮጌ ቀለበት ላይ

ከአንበሳሜ እስከ ወረታ የሞተር ሳይክል ጥገና አዲስ የገባ ልጅ ዞሮ ዞሮ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ የመሪ ኩሽኔታ ሲቀየር ብይ ይሻላል ወይስ ሮለር? በተለይ እንደ አፓቺ ያለ የስፖርት መልክ ያለው ሞተር ሲመጣ ሮለር ያልገጠመ ባለሙያ እንደ ሰነፍ መታየት ጀምሯል። እኔ ግን ክርክሩ ከጅምሩ ቦታውን ስቷል ባይ ነኝ። በኛ አገር መሪ ቶሎ የሚበላሸው ውሃ ስለሚገባው፣ ያረጀ የኩሽኔታ ቀለበት ላይ አዲስ ብይ ስለሚደረደርበትና ዳዶው ከልኩ በላይ ስለሚጠብቅ ነው። እነዚህን ሳያስተካክል ሮለር የገጠመ ሰው የደንበኛውን ወጪ ጨመረ እንጂ መሪውን አላዳነም።

ጉዳቱ ከየት እንደሚመጣ እንይ። የፊት ጎማውን ከመሬት አንስተው ማኑብሪዮውን በሁለት ጣት በዝግታ ወዲህና ወዲያ ሲያዞሩት ልክ መሃል ላይ ቀጭ ብሎ የሚይዝ ከሆነ ቀለበቱ አልቋል። ብዙ ሰው ይህን "ጉድጓድ መትቶት ነው" ይላል፤ ግማሹ እውነት ነው። ክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ላይ ከተኙ በኋላ በጋ ሲመጣ ጥቁሩ አፈር ይደርቃል፤ የከብት ኮቴና የጎማ ዱካ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል፤ በዚያ ላይ የሚሄድ ሞተር አንገቱን ቀኑን ሙሉ ይመታል። የቀረው ግማሽ ግን ከምት አይመጣም። ሞተር ሲሄድ መሪው አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ብሎ ስለሚቆይ ብዮቹ አይንከባለሉም፤ እዚያው ቦታ ላይ ይንቀጠቀጣሉ። ግራሶው ከሥራቸው ተገፍቶ ይወጣና አይመለስም፤ ብረት ብረትን ይፍቃል። የታችኛውን ቀለበት በናፍጣ አጥቦ ወደ ብርሃን ዘንበል ያደረገ ሰው በብዮቹ ልክ ተራርቀው የተደረደሩ ትንንሽ ጎድጓዳዎች ያያል፤ ከፊትና ከኋላ ያሉት ደግሞ ከጎኖቹ ይልቅ ይጠልቃሉ፤ ፍሬን ሲያዝም ጉድጓድ ሲመታም ኃይሉ የሚያርፈው በዚያ አቅጣጫ ነውና።

እንግዲህ በእነዚህ ጎድጓዳዎች ላይ አዲስ ብይ መደርደር ምን ይፈይዳል? ብዩ ተመልሶ እዚያው ይቀመጣል፤ መሪውም መሃል ላይ እንደያዘ ይቀራል። የጎደለውን ብቻ ተክቶ አሮጌና አዲስ የሚያቀላቅል ደግሞ ባሰ፤ ከሌሎቹ በፀጉር ስፋት የሚበልጠው ብይ የሁሉንም ሸክም ብቻውን ይሸከማል። "ደንበኛው ገንዘብ የለውም" የሚለውን መከራከሪያ አልንቀውም፤ ግን ሒሳቡን እንሥራ። ጎማው ወርዷል፣ አሞርዛተሮቹ ወርደዋል፣ ማኑብሪዮው ተፈትቷል። ብይ ብቻ ቢቀየርም ሙሉው ቢቀየርም ድካሙ ያው ነው። የሚተርፈው የቀለበቶቹ ዋጋ ብቻ ሲሆን ባለሞተሩ ብዙም ሳይቆይ የእጅ ዋጋውን ደግሞ ይከፍላል። "ቀለበቱ አልወጣ ይላል" ለሚለውም መላ አለው፦ በአሮጌው ቀለበት ውስጠኛ ገጽ ላይ በብየዳ ዙሪያውን መስመር ማስኬድ፤ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ያኔ በቀላሉ ይላቀቃል።

ሮለር ጥቅም የለውም አልልም። ብይ ቀለበቱን በነጥብ ሲነካ ሮለር በመስመር ይነካዋል፤ ስለዚህ የበለጠ ሸክም ይችላል። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ አስፋልቱን እየወረደ ፊት ፍሬን ላይ ለሚተኛ ከባድና ፈጣን ሞተር እኔም ሮለር እመርጣለሁ። ነገር ግን ሮለር በቦታው ቀጥ ብሎ መቀመጥ ይፈልጋል፤ አንዳንዱም ከብዩ ስለሚወፍር የላይኛው ዳዶ የሚይዘው ጥርስ ያንሳል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት የአሮጌውን ውጪ፣ ውስጥና ውፍረት በካሊፐር መለካት ግድ ነው፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የሞተር ስም አምኖ መግጠም አይበቃም። አንገቱ ሰፍቶ ቀለበት አልይዝ ሲል ደግሞ የውስጡን ግድግዳ በቦሊኖ ነቅሶ ማጥበብ የተለመደ ነው። ያ ነቀሳ ቀለበቱን በጥቂት ነጥቦች ላይ ብቻ ይይዘዋል፤ ሸክም ሲመጣ ያዘነብላል። ብይ እንዲህ ያለውን ግድፈት በመጠኑ ይታገሣል፤ ሮለር አይታገሥም።

የሥራው እምብርት ግን ማጥበቁ ነው። "ትንሽ ጠበቅ ይበል፣ ኋላ ይላላል" የሚለውን አባባል ከጋራዥ ሁሉ ባስወጣው ደስ ይለኝ ነበር። ጠበቅ ያለ መሪ በዝግታ ሲነዳ ሞተሩን ግራና ቀኝ ያንከራትተዋል፤ ነጂው ጎማውን ይወቅሳል። የላላው ደግሞ ፍሬን ሲያዝ ቋ ይላል፤ ከኋላ ኩንታል ሩዝ ተጭኖ ፊቱ ሲቀል ይንቀጠቀጣል። በስፖርት ሞተር አንገቱ ቀጥ ያለ ስለሆነና መሪው ስለሚፈጥን ሁለቱም ስህተት ቶሎ ይታወቃል። መጀመሪያ ጠበቅ አድርጎ መሪውን ጥግ እስከ ጥግ ደጋግሞ በማዞር ቀለበቶቹን ማስተኛት፣ ከዚያ ማላላት፣ ከዚያ ጨዋታው እስኪጠፋ ብቻ መያዝ። ጎማው ከመሬት ተነስቶ መሪው ከመሃል ትንሽ ሲገፋ በራሱ ክብደት ወደ ጥግ መውደቅ አለበት። የላይኛው ዳዶ ሲታሰር ልኩን ስለሚቀይር እንደገና መፈተሽ ያስፈልጋል፤ በዚያን ጊዜም የአሞርዛተሮቹ ማሰሪያ ብሎኖች ላላ ብለው መቆየት አለባቸው፣ አለዚያ የላይኛው መያዣ በቦታው አይቀመጥም።

ከሞተር ሥራ ሁሉ ይህን አብልጬ የምወደው በጣት ስሜት ስለሚሠራ ነው። ፒስተን የቀየረ ባለሙያ በሞተሩ ድምፅ ይመሰገናል፤ መሪ በደንብ የተሠራለት ነጂ ግን ስለ መሪው ጨርሶ አያስብም፤ ምስጋናም ከዚያ አይጠበቅም። ስለ ግራሶ ብዙ አልልም፤ ውሃ የሚቋቋም የካልሲየም ግራሶ ይሁን፣ ከታች በኩል ይብዛ፣ ፓራፋንጎው የተሰበረ ከሆነም አብሮ ይቀየር፤ ጎማው ጭቃውን በቀጥታ የሚወረውረው ወደ ታችኛው ኩሽኔታ ነውና። የእጥበት ፓምፕም አንገቱ ላይ አይነጣጠር። አዲስ ቀለበት መጀመሪያ ላይ ትንሽ ስለሚተኛ ደንበኛው ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ነድቶ እንዲመለስ መንገር የሥራው ክፍል ነው፤ ለዚያ ፍተሻ ግን ገንዘብ መቀበል ነውር ነው እላለሁ።