ከፊልሙ ተቆርጦ በሰብሳቢ እጅ የቀረ

ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው «ዘ ብላክ ኮልድረን» (ጥቁሩ ድስት) የተሰኘው የካርቱን ፊልም ከሎይድ አሌክሳንደር ልቦለዶች የተቀዳ ነው። 44 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቶ በአሜሪካ ግማሹን እንኳ ስላልመለሰ እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ በቪዲዮ ሳይወጣ ቆይቷል። ሐያስያን ታሪኩ ይንገዳገዳል ይላሉ፤ እኔም አልክድም። ነገር ግን የምንሔሰው የትኛውን ድርሰት ነው? ከመታየቱ በፊት በጄፍሪ ካትዘንበርግ ትእዛዝ 12 ደቂቃ ያህል ተቆርጦበታል። ከተቆረጡት ትዕይንቶች የአንዳንዶቹ ሥዕሎች፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ላይ በእጅ እንደተቀቡ፣ ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ ይገኛሉ። ገበያው እንደ ጌጥ ይተምናቸዋል፤ እኔ ግን ከብራና መጽሐፍ እንደተገነጠሉ ቅጠሎች እቆጥራቸዋለሁ። ሙታን ጦረኞች ከድስቱ በሚነሡበት ክፍል ሙዚቃው ሳይቀር ይዘላል። ይህን ጉድለት በአዘጋጆቹ ላይ ከመጻፌ በፊት እነዚያን ሥዕሎች ማየት ይኖርብኛል።